የጉማሬዋ ሜዳ

አንዲት ሴት ነበረች። በሐምሌ ወር፣ በእሑድ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ፣ መጥረቢያ ይዛ ከልጇ ዛፍ ሥር ቆመች።

የልጇ ዛፍ ስላችሁ ልጇ የተከለው ማለቴ አይደለም። ልጇ ሞቶባት፣ በሙት ዓመቱ ለመታሰቢያው በገዛ እጇ የተከለችው ዋንዛ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ከወንዝ ውኃ እየተሸከመች አጠጥታ ያሳደገችው ነው። አገሩ ሁሉ ከቧታል። አንዷ «ኧረ በእመብርሃን!» ትላለች፤ ሌላው «ያዟት፣ አብዳለች!» ይላል። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና መጥረቢያውን አነሣች።

እስቲ እናንተን ልጠይቃችሁ። ይህች ሴት ምን ሆና ነው? እናት አይደለችም? አንጀት የላትም? አያችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ፈርዳችሁ ጨርሳችኋል፤ ከፊታችሁ ላይ ይታየኛል። ፍርዳችሁን ለጊዜው ያዙልኝ፤ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ሴትዮዋ ስመኝ ትባላለች። በአንድ ወንዝ ዳር ያለ ጥብቅ ደን ኃላፊ ናት። ተምራ፣ ከተማ ሠርታ፣ ወደ ተወለደችበት አገር የተመለሰች ሰው ናት። የወንዙን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እሱማ የእነእንትና ወንዝ ነው» ብላችሁ እጃችሁን ትታጠባላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

በዚያ ወንዝ ድሮ ጉማሬ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ጠፋ። እንዴት ጠፋ? ቆዳውን ለአለንጋ እየገፈፉ፣ ለአለንጋ የማይፈልገውም ሰው ጠመንጃውን እየሞከረበት ጨረሱት። አለንጋው የት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ፤ በበሬ ጀርባና በልጅ ጀርባ ላይ ነው። ለዚህ ሲባል እግዚአብሔር የፈጠረው ፍጥረት ከወንዙ ተነቀለ።

ብዙ ዘመን አለፈ። አንድ ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጉማሬ ከታች ከትልቁ ወንዝ ሽቅብ መጡ። ማን ጠራቸው? እንጃ። ያገሩ ሰው ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር አደረገ፤ ለዚህስ እወደዋለሁ። «እነዚህ አይሞቱም!» አለ። ደኑ ተከለለ፣ ጠመንጃ ወደ ወንዙ ይዞ መውረድ ተከለከለ፣ በየተራ የሚጠብቅ ሰው ተመደበ። ከሁሉ ፊት የቆሙት አያ ይስማው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጉልምስናቸው ጉማሬ ገድለው የተዘፈነላቸው ሰው ናቸው። እሳቸው «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ወንዝ የሚተኩስ ሰው አስቀድሞ እኔን ይምታ» አሉ። አያ ይስማው እንዲህ ካሉ ማን ይተኩሳል?

ከዓመታት በኋላ ጉማሬዋ ወለደች። እልል ተባለ እኮ! ሴቶቹ ወንዝ ዳር ወርደው፣ የሰው ልጅ የተወለደ ያህል እልል አሉ። የግልገሏ አፍንጫ ከውኃው ብቅ ባለች ቁጥር አገሩ ይፍነከነካል። ከእናቲቱ በቀር ለመውለድ የደረሰች ሴት ጉማሬ በወንዙ ውስጥ የለችም። እሷ ከኖረች ዘሩ ይኖራል፤ እሷ ከሞተች ሁሉም ነገር ባዶ ነው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ።

ከወንዙ አጠገብ፣ ደኑ መሐል፣ ሰፊ ሜዳ ነበረ። አያ ይስማው ሚስታቸው ወይዘሮ ውዴ ሲሞቱባቸው፣ ሙት ዓመቱን ጠላ ጠምቀው፣ በሬ ጥለው ብቻ ማለፍ አላስቻላቸውም። አንድ የዋንዛ ችግኝ ይዘው ወርደው ከሜዳው ጫፍ፣ ከወንዙ ፊት ለፊት ተከሉላቸው። ሰው አየ፤ ወደደው። በዓመቱ ሌላውም ለአባቱ ተከለ። ሌላዋም ለእናቷ። የአገር ልማድ ሆነ። ሰው በሞተ በዓመቱ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ቤተ ዘመዱ ችግኝ ይዞ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዛፉ በሟቹ ስም ይጠራል። «እነሆ የጓንጉል ወይራ፣ እነሆ የብርቄ ጥድ» እያሉ ለልጅ ያሳያሉ።

መጥፎ ነገር ነው? እናንተ፣ መልሱልኝ እንጂ! ሙታንን ማሰብ መጥፎ ነው? አይደለም። ዛፍ መትከል መጥፎ ነው? ኧረ በጭራሽ! ፈቃድ የሰጠችውም ራሷ ስመኝ ናት። ያለቀሰ ሰው ችግኝ ታቅፎ ሲመጣ «እዚህ አትትከል» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ኋላም የራሷ ልጅ፣ አንድያ ልጇ ምሕረት፣ በወባ ሞተባትና እሷም እዚያው ተከለች።

እነዚህ ሰዎች ዛፍ ወዳጆች ናቸው። ክፍት ቦታ ሲያዩ ያቅበጠብጣቸዋል። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዛፍ ሆነ። ዛፉ አደገ፣ ጥላው ገጠመ፣ እንግዳ ሲመጣ «ደናችን ሰፋ» እያሉ ያስጎበኙበት ጀመር።

ጉማሬ ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ?

ሣር ነው። ቅጠል አይደለም፣ ዓሣም አይደለም። ያን ሁሉ አካል ተሸክሞ የሚበላው ሣር ነው። ቀኑን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጥቶ ይግጣል። የሚወጣውም በለመደው መውጫ ነው። እዚያ አገር ይህን የማያውቅ ሰው የለም። አያ ይስማው ያውቃሉ፤ አዳኝ ነበሩ። ስመኝ ታውቃለች፤ የተማረችው እሱን ነው። ሁሉም ያውቃሉ! ግን እያንዳንዱ ሰው ወደ ሜዳው ሲወርድ የራሱን ሟች እንጂ ሣሩን አያይም ነበር።

አንድ ቀን ፈንቴ የሚባል ገበሬ፣ ከወንዙ በታች የሚያርስ፣ የተሰበረ የበቆሎ አገዳ ታቅፎ መጣና ስመኝ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው።

«እትዬ ስመኝ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«በቆሎ ነው።»

«በቆሎ ነበር በይ! የልጆቼ ጉሮሮ ነበር። ያቺ የምትንከባከቧት ወይዘሮ ግልገሏን አስከትላ መጥታ ጠርጋ በላችው!»

«አትፍረድባት ፈንቴ፤ የምታጠባ እናት ናት።»

«እና እኔስ? የኔም ሚስት አራስ ናት! ለእሷ ማን ይዘንላት?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፤ ስትወልድ እልል ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ግን ርኃብ አይቻለሁ። ፍልሰታ እስኪገባ እታገሣለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከማሳዬ ካገኘኋት እተኩሳለሁ። እናንተም አስራችሁ ውሰዱኝ።»

ወሬው አገሩን አዳረሰ። ሰው በፈንቴ ተቆጣ መሰላችሁ? በጉማሬዋ ነው የተቆጣው! «አያችሁ ከሃዲዋን! ጠበቅናት፣ እልል አልንላት፣ ትታን የሰው ማሳ ገባች» አሉ። ተሰብስበው መከሩ። ምን ቢወስኑ ጥሩ ነው? «ወንዙን ዳር ዳሩን እንጠርና እንዳትወጣ እናድርጋት።» ወይ ጉድ! እንዳትወጣ ነው የተባለው እንጂ እንዳትራብ አልተባለም። ምን ትበላለች ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ስመኝ ከስብሰባው ወጣች። በማግሥቱ ጠዋት፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ የጉማሬዋን ዱካ ተከተለች። ዱካው ከወንዙ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሜዳው ነበር የሄደው። ወደ ሜዳው! ከዳችን የተባለችው እንስሳ በቅድሚያ የመጣችው ወደ ቤቷ ነበር። ዛፎቹ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ሄዳለች፣ ወደ ቀኝ ሄዳለች፣ መሬቱን በአፍንጫዋ ፈትጋለች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ውኃው ወርዳለች።

ስመኝ ጎንበስ ብላ ከሥሯ ያለውን መሬት አየች። የረገፈ ቅጠልና ጥላ ብቻ። አንድ እፍኝ ሣር የለም። ቀና ስትል ፊት ለፊቷ የምሕረት ዋንዛ ቆሟል።

ያን ጊዜ ጭንቅላቷን ይዛ ቁጭ አለች። «እኛ ነን ያባረርናት» አለች። ብቻዋን ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ኋላ ራሷ ተናገረችው።

ወደ አያ ይስማው ቤት ሄደች። ሞፈር ሲጠርቡ አገኘቻቸውና ያየችውን ነገረቻቸው። ሽማግሌው መጥረብ አላቆሙም።

«እና ምን አድርጉ ነው የምትይን?»

«ሜዳውን እንመልስላት፣ አያ ይስማው። ዛፎቹ ይቆረጡ። ከሜዳው በላይ ያለው ተረተር ራቁቱን ነው፤ አፈሩ ታጥቦ አልቋል። ሟቾቻችንን እዚያ እንትከልላቸው፤ እዚያ ዛፍ ያስፈልጋል።»

«የውዴን ዛፍ?»

«የውዴንም፣ የምሕረትንም።»

ያን ጊዜ መጥረባቸውን አቆሙ። «ስሚ ልጄ፣ ለዚያች አውሬ ብዬ ጠመንጃዬን ሰቅያለሁ። ከወንድሜ ተጣልቻለሁ። አሁን ደግሞ ሚስቴን ድገምና ቅበር ትይኛለሽ? ተነሺ፣ ከቤቴ ውጪልኝ።»

«አንቱ አይወዷትም ማለቴ እኮ አይደለም...»

«ውጪ አልኩሽ!»

ወጣች። እያለቀሰች ወጣች፤ ሰው ናት። የወንበሯን ሥልጣን ይዛ ትእዛዝ ማውጣት ትችል ነበር። አላወጣችም። የሰው ሟች ላይ በማኅተም አይታዘዝም አለች። የራሷ ሟች ግን አላት።

ወገኖቼ፣ ይህን ጊዜ ነው እሑዱ የመጣው። ሰው አዳዲስ ችግኝ ይዞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ወደ ሜዳው ወረደ። ስመኝም መጥረቢያዋን ይዛ ቀድማ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«የማንንም ዛፍ አልነካም!» አለች። «የእናንተ የእናንተ ነው። ይኼ ግን የኔ ነው። የተከልኩት ጉማሬዋ የምትበላበት ገበታ ላይ ነው፤ አነሣዋለሁ።»

አንዲት ጎረቤቷ ክንዷን ያዘቻት። «ስመኝዬ፣ በሞቴ ተይ! ልጅሽን ሁለተኛ ልትገድይው ነው?»

እስቲ ይህችን ቃል ለአንዲት እናት ንገሯት። ስመኝ ክንዷን አስለቀቀችና፣ ድምፅዋ ከወንዙ ማዶ እስኪሰማ ጮኸች። «እኔ የወለድኩት ልጅ ነው፤ ዋንዛ አልወለድኩም! ልጄ በእግዚአብሔር እጅ ነው። እዚህ የቆመው የኔ ኀዘን ነው። የኔ ኀዘን አንዲት እናት ከነልጇ እስክትሞት ድረስ መሬት መያዝ የለበትም!»

መታችው። በአንዴ አልወደቀም፤ የጭን ያህል ወፍሯል። እያለቀሰች፣ እየቆረጠች፣ ማንም ሳያግዛት ጣለችው። ከዛፉ በላይ የነበረው ሰማይ ተከፈተ፣ ዝናቡ በቀጥታ መሬቱ ላይ ወረደ።

አጨበጨቡላት? ኧረ ሰላምታ ነሷት! «ጨካኝ» አሏት። ያስታመመቻቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ። ለወረዳው ተከሰሰች፤ ጥብቅ ደን እንድትጠብቅ ተሹማ ዛፍ ትቆርጣለች ተብላ። «አዎ፣ ቆርጫለሁ፤ ነገም የሚያግዘኝ ካገኘሁ እቆርጣለሁ» አለች። በየማለዳው ወደዚያች ክፍት ቦታ ወርዳ የረገፈውን ቅጠል ትጠርጋለች። ሣሩ ብቅ ማለት ጀመረ። አንድ ሁለት ሴቶች፣ ሰው ሳያያቸው መጥተው የእናታቸውን ጥድ አነሡ። ያ ብቻ ነው። ለጉማሬ የሚሆን ሣር አይደለም፤ ለአንድ በግም አይበቃም።

የፍልሰታ ዋዜማ ደረሰ። ፈንቴ ጠመንጃውን አወረደ።

አያ ይስማው ሁልጊዜ ወደ ማታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የሚስታቸው ዛፍ ሥር ሄደው ይቀመጣሉ። ያን ዕለትም ተቀምጠዋል። ዝናቡ አባርቷል። ጉማሬዋ ከውኃው ወጣች። ግልገሏ ከኋላዋ። በጥንት መውጫዋ ሽቅብ መጣች፣ ቀጥ ብላ ወደ አያ ይስማው። ሽማግሌው ግንዱን ተደግፈው ፀጥ አሉ። መጣች፣ መጣች፣ የውዴ ዛፍ ጋ ስትደርስ ቆመች። መውጫዋን የዘጋው እሱ ነው! በስተግራው ዞረች፤ ሌላ ዛፍ። በስተቀኝ ዞረች፤ ሌላ ዛፍ። ግልገሏ በሁለት ግንድ መሐል ልትሾልክ ገብታ ተቀረቀረችና ጮኸች። እናቲቱ በአፍንጫዋ ገፍታ አወጣቻት። ከዚያ ሁለቱም ተመለሱ፣ ውኃው ውስጥ ገቡ፣ ቁልቁል ሄዱ።

አያ ይስማው ወዴት እንደሄዱ ያውቃሉ። ቁልቁል ማን ጠመንጃ ይዞ እንደሚጠብቅም ያውቃሉ።

ሽማግሌው ከዚያ እስከ ስመኝ ቤት በምን ጉልበት እንደሮጡ እንጃ። በሩን በምርኩዛቸው መቱት።

«መጥረቢያሽን አምጪ!»

«ምነው አያ ይስማው? ምን ሆኑ?»

«አምጪ አልኩሽ! አንቺ ደግሞ ቁልቁል ሩጪና ያንን ፈንቴን ያዢልኝ። እየተቆረጠ ነው በይው!»

እሷ ቁልቁል ሮጠች። ከማሳው ስትደርስ ፈንቴ ተንበርክኮ አነጣጥሯል፤ ጉማሬዋ ከወንዙ አፋፍ ብቅ ብላለች። ስመኝ በመሐል ገብታ ቆመች። ከኋላዋ ጉማሬ፣ ከፊቷ አፈሙዝ። ግልገል ያላት ጉማሬ ምን እንደምታደርግ የማታውቅ ሰው አይደለችም፤ እያወቀች ነው የቆመችው።

«ዞር በይ እትዬ!»

«አልዞርም! አያ ይስማው የውዴን ዛፍ እየቆረጡ ነው። ና እይ፤ ከዋሸሁ ተመልሰህ ተኩስ።»

ፈንቴ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ጉማሬዋም የሰው ድምፅ ሰምታ ወደ ውኃው ተመለሰች። ፈንቴ ስመኝን አላመናትም። ግን ተከትሏት ሽቅብ ወጣ። ሲደርሱ እውነት ነው፤ ሽማግሌው ቡልኮአቸውን ጥለው፣ በላብ ተጠምቀው፣ የገዛ ሚስታቸውን ዛፍ ይቆርጣሉ። ፈንቴ ደነገጠ። «ይስጡኝ አያ ይስማው፣ እኔ ልቁረጥልዎ» አለ።

«አትንካ! የተከልኩት እኔ ነኝ!» አሉት። ከዚያ ቆም ብለው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ እንባቸው እየወረደ ተናገሩ። «ውዴን ታውቃታለህ። አንተም ከእጇ በልተሃል። በሕይወት ሳለች፣ ጦሟን ታድራለች እንጂ አንድ ሰው ከገበታዋ አስነሥታ ታውቃለች? እኔ ግን ወስጄ ምን ላይ ገተርኳት? የተራበ የሚበላበት ላይ! በስሟ ሰው አስራብኩ እኮ፣ በስሟ!»

ዛፉን መቱት፣ ወደቀ።

ፈንቴ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ መጥረቢያውን ተቀበለና ከአጠገቡ ወዳለው ወይራ ሄደ። የአባቱ የጓንጉል ወይራ ነበር፤ እሱም እዚያ ተክሏል።

በማግሥቱ ፍልሰታ ገባ። ሰው ሰምቶ መጣ፤ የቆረጠ ቆረጠ፣ ያልፈቀደም አልቆረጠም። ዝናቡ ሣሩን አነሣው። ከሳምንታት በኋላ የጉማሬዋ ዱካ በጠዋት ሜዳው ላይ ታየ፤ ከጎኑም የግልገሏ። የፈንቴ በቆሎ የቀረው ቀረለት። አዳዲሶቹ ችግኞች ተረተሩ ላይ ተተክለዋል። ስመኝን እስከ ዛሬ የማያናግሯት ሰዎች አሉ። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ በመሐላቸው ታልፋለች።

አሁን ነጠላችሁን አስተካክላችሁ «ደስ የሚል ታሪክ ነው» ብላችሁ ልትሄዱ ነው አይደል? አትሄዱም! ስለ ጉማሬ ልሰብክ አልመጣሁም።

እናንተስ የሞተውን የተከላችሁት የት ላይ ነው?

አንተ አባት፣ ታናሽ ወንድምህ ሐኪም ልሆን እያለ ሞተብህ። ነፍሱን ይማርልህ፤ አልቅስለት። ግን ልጅህ እንጨት ሲጠርብ ፊቱ የሚበራ ልጅ ነው። አንተ «የአጎትህን ምኞት ትፈጽማለህ» ብለህ አንቀህ ይዘኸዋል። ልጁ በገዛ ሜዳው ላይ ምን ይብላ?

አንቺ እናት፣ ባልሽ ካረፈ ጀምሮ ቤትሽ ውስጥ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ጮክ ብሎ መሳቅ ነውር ሆኗል። ልጆችሽ መሳቅ ሲፈልጉ ጎረቤት ይሄዳሉ። ከዚያ «ምነው ልጆቼ ቤት አይውሉልኝም?» ትያለሽ። እውነት ምክንያቱ ጠፍቶሽ ነው?

ሁላችሁም «የዛሬ ልጅ ከሃዲ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጣ፣ የሰው ማሳ ገባ» ትላላችሁ። ገብቷል! አልክድም። ግን ከመግባቱ በፊት ወዴት ነበር የመጣው? ወደዚህ አልነበረም? በዚህ በር ገብቶ፣ ወደ ግራ ዞሮ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ የሚቀመስ አጥቶ አልነበረም የተመለሰው? እናንተ ደግሞ አጥር ለማጠር ትሰበሰባላችሁ።

ሙታንን አስቡ። እሑድም፣ ሰኞም አስቡ፤ ጸሎቱም ምጽዋቱም አይጉደልባቸው። ነገር ግን የሕያዋን እንጀራ ላይ አትገትሯቸው! እነሱ ራሳቸው ያፍሩባችኋል።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስገባ ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ? የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችሁ በዚህ ዝናብ፣ ግንቡን ተጠግተው መዝሙር ያጠናሉ። ጸጉራቸው ረጥቧል። «አዳራሽ የላችሁም?» አልኳቸው። «አለን» አሉኝ። «ታዲያ?» «ተቆልፏል።» ጠየቅሁ። በአንድ ደግ ሰው መታሰቢያ የተሠራ አዳራሽ ነው አሉኝ። ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ፣ ወንበሩ እንዳይሰበር፣ ለሙት ዓመታቸው ብቻ ነው የሚከፈተው አሉኝ። ሁለቱ ልጆች ደግሞ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ እንደማይመጡ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ እንኳ አልተቆጡም፤ ደክሟቸዋል።

እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ። «ሁለተኛ አንጠራውም» ትሉ ይሆናል። አትጥሩኝ! ያየሁትን ሳልናገር ምሳ በልቼ ብሄድ ኖሮ ነው የማፍረው።

ቁልፉ በማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ነግረውኛል። ስምዎን አልጠራም፤ ደግ ሰው እንደሆኑም ሰምቻለሁ። ሟቹን ከማንም በላይ የሚወዱት እርስዎ እንደሆኑም ሰምቻለሁ። ዝናቡ ግን አላባራም፤ ልጆቹም እንደቆሙ ናቸው። ይነሡና ይክፈቱላቸው። ሲመለሱ ስብከቱን እጨርሳለሁ፤ እስከዚያ እኔም ሕዝቡም ከዚህ አንነቃነቅም።